«ና» እና «ይምጡ»፦ የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ በገዳሪፍ ድንበር ሲመዘን

የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ በዘመናዊ የሰዋስው መጻሕፍት ከቀላሎቹ ምዕራፎች እንደ አንዱ ይቆጠራል። ሦስት ቅርጽ ይሰጠዋል፦ ለወንድ «ስበር»፣ ለሴት «ስበሪ»፣ ለብዙ «ስበሩ»። «ፈልግ» እና «ባርክ» የሚሄዱበት መንገድ ይጨመራል፤ የሴቷ ምልክት ጥርሳዊ ድምፆችን ላንቃዊ እንደሚያደርግ («ውሰድ»፣ «ውሰጂ»፤ «ምረጥ»፣ «ምረጪ») ይጠቀስና ምዕራፉ ይዘጋል። ለአክብሮት የሚነገረው «ይስበሩ» እዚህ ቦታ የለውም። የሚገኘው ራቅ ብሎ፣ ከ«ይስበር» እና ከ«እንስበር» ጎን፣ የሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ተብሎ ነው።

ክፍፍሉ መሠረት የለውም አይባልም። «ና፣ ነይ፣ ኑ» ከ«መጣ» ሥር የወጡ አይደሉም፤ የአክብሮቱ «ይምጡ» ግን ወደ ሥሩ ይመለሳል። አሉታውም «አትምጣ» እንጂ «አትና» አይሆንም። የዚህ ልማድ ትልቁ ሥራ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው የቮልፍ ሌስላው ሰዋስው፣ በቅርጾች ዝርዝር እስካሁን ተወዳዳሪ አልተገኘለትም። ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪ አንድን ሰው ፊት ለፊት ሲያዝ የሚመርጠው ከአራት ነው፤ ሦስቱን ብቻ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ምርጫውን ይደብቃል።

የቅኔ ቤቱ ልማድ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ግሥ ሲረባ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» ይባላል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ ሲሆን መነሻው ሦስተኛ መደብ ነው። ከሩቅም ምሳሌ አለ። የስፓንኛ ሰዋስው ለቅርብ ሰው «አብላ» (ተናገር)፣ ለሚከበር ሰው «አብሌ» (ይናገሩ) ይላል። ሁለተኛው ከዘንድ አንቀጽ የተወሰደ ነው፤ ሆኖም ለተማሪ የሚቀርበው በትእዛዝ ምዕራፍ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ከመጻሕፍት ወጥቶ የሚፈተነው በመተማና በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ሲዘለቅ ነው። በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች የሱዳን ዓረብኛ፣ አማርኛና ትግርኛ በአንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ። ዓረብኛው «ሺል፣ ሺሊ፣ ሺሉ» (አንሣ፣ አንሺ፣ አንሡ) ሲል የሴቷና የብዙው መድረሻ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው፤ ቅርጹን ለመልመድ ብዙ አያደክምም። ልዩነቱ አክብሮት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ትግርኛ ብዙ ቁጥርን ይዋሳል፤ «ስበሩ» ለአንድ የተከበረ ወንድ፣ «ስበራ» ለአንዲት የተከበረች ሴት ይሆናል። የሱዳን ዓረብኛ ግሡን ሳይነካ «ያ ሓጅ»፣ «ያ ዓም» በሚለው መጥሪያ ያከብራል። ሠንጠረዥ ብቻ አይቶ «ዓረብኛ አክብሮት የለውም» የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ ንጽጽር ስለዚህ መጥፎ ንጽጽር ነው። አማርኛም ቢሆን አክብሮቱን ሁሉ በግሥ አይሸከምም፤ «እማዬ፣ ነይ» የሚል ልጅ እናቱን አላዋረደም።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከትግራይ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲገቡ፣ በ1977ቱ ድርቅ ስደተኞችን ያስተናገደው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የምዝገባ ሠራተኛ ለአንዲት አሮጊት «ተዓሊ» ቢል፣ ወደ አማርኛ የሚመልሰው አስተርጓሚ «ነይ» ወይም «ይምጡ» ማለት አለበት። ዓረብኛው ይህን ምርጫ አላደረገም፤ የሚያደርገው አስተርጓሚው ነው። አማርኛን በሦስት ቅርጽ ብቻ የተማረ ሰው «ነይ» ይላል፤ አሮጊቷም ተናጋሪው ያላሰበውን ንቀት ትሰማለች። በተገላቢጦሽ «ይግቡ» የተባለ ተማሪ፣ ቃሉን የሚያውቀው ከሦስተኛ መደብ ምዕራፍ ብቻ ከሆነ፣ ይገባሉ የተባሉትን ሰዎች ከኋላው ዞሮ ይፈልጋል።

ስለ ትእዛዝ አንቀጽ የሚጻፍ መግለጫ ሁሉ አራቱን ቅርጾች በአንድ ሠንጠረዥ ቢያኖርና የ«ይምጡ»ን የዘንድ አመጣጥ በማብራሪያ ቢያስቀምጥ ከቅርጽ ጥናቱ የሚጎድል ነገር የለም። የቃል በቃል ፍቺ ረድፎችም እርማት ይሻሉ። ለአድማጭ የተነገረን «ይምጡ» «ሦስተኛ መደብ፣ ብዙ» ብሎ መመዝገብ ለ«ይምጡ» ቅርጽ ብቻ ይታመናል፤ በቦታው የቆመችው አንዲት ሴት መሆኗን ግን ከመረጃው ይፍቃል።