ባሮ ላይ ለነበረው ወደብ

የጋምቤላ ወደብ የተወለደበት ቀን ይታወቃል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ያሰሩት ውል ነው ያስገኘው። የሞተበት ቀን ግን የለውም። መርከቦቹ አንዱን ክረምት አነሱ፣ ሌላውን ክረምት ዘገዩ፣ ከዚያ ቀሩ። ሙት ዓመቱ መቼ እንደሆነ ስለማይታወቅ በየትኛውም ቀን ቢታሰብ ነውር አይሆንም።

የዚያን ውል ሦስተኛ አንቀጽ የማያውቅ የለም፤ የዓባይ ነገር በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል። አራተኛው ግን ተረስቷል። በባሮ ዳር ኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተሰጥቶ የንግድ ጣቢያ እንዲሆን የሚፈቅድ አንቀጽ ነው። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውልም በውሉ ተጽፏል። ቦታ ሲመረጥ ኢታንግ ቀርታ ከእሷ ሽቅብ ያለችው ጋምቤላ ተወሰደች፤ በ1900 ዓ.ም. ግድም ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው ሥራ ጀመሩ። የመሬቱ ባለቤቶች አኝዋዎች ነበሩ። እነሱን የጠየቀ አልነበረም።

ለምን ባሮ? ከአገራችን ወንዞች የጭነት መርከብ ከውጭ ድረስ የሚያስገባ ሌላ ስላልነበረ ነው። ባሮ ወርዶ ሶባትን ይሆናል፣ ሶባት ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይገናኛል፣ ነጭ ዓባይ ካርቱም ያደርሳል። መንገዱ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ሽቅብ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ቢገባም ለኢሉባቦርና ለወለጋ ነጋዴ አዲስ አበባ ራሷ ሩቅ አገር ነበረች። ለምዕራቡ የቅርቡ ባሕር በካርቱም በኩል ነበር።

የሱዳን ምድር ባቡር መርከቦች ከኋላቸው እንደ ወፍጮ መዘውር የሚሽከረከር ትልቅ መቅዘፊያ የተገጠመላቸው፣ እንጨት እያነደዱ በእንፋሎት የሚሄዱ ነበሩ። ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎችን ጎንና ጎናቸው አስረው ይመጣሉ። ጨውና አቡጀዲ አራግፈው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎማም ነበረበት። ወር በገባ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የሚመጡት፤ ያውም ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ።

የወደቡ ዋና ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ባሮ መርከብ የሚችለው በክረምት ነው፤ ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ቁልቁል የሚወርደው የሲራራ መንገድ ደግሞ እግር የሚያስረግጠው በበጋ ነው። መንገዱ ሲደርቅ ወንዙ የለም፤ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ የለም። ስለዚህ በበጋ የወረደ ቡና ወንዝ ዳር መጋዘን ውስጥ ወራት ይተኛል፤ የነጋዴውም ገንዘብ አብሮት ይተኛል። በክረምት ላውርድ ያለ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ወደ 500 ሜትር ገደማ በሚያዳልጥ ጭቃ መውረድ አለበት። የደጋ በቅሎ ቆላ ስትገባ ገንዲ ይጥላታል። በቅሎ ሲያልቅ የቀረው የሰው ትከሻ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ብዙ ሰው ቡና ተሸክሞ ወርዶ ጨው ተሸክሞ ወጥቷል፤ ንዳዱን ደግሞ ይዞት ገብቷል። ስለ ወደቡ ሲወራ የሚነሡት የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከእነሱም ማጂድ አቡድ ስሙ ገንኖ ቀርቷል። የተሸካሚው ስም አልቀረም።

አስተዳደሩ እንግዳ ነገር ነበር። ከ400 ሄክታሩ ውስጥ ሕጉም ፖሊሱም የካርቱም ነው፤ ከክልሉ ጥቂት እርምጃ ሲወጡ የጎሬው ገዢ አገር ይጀምራል። ጎሬ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀምጧል። አገር ወዳድ ሰው ይህን ሲያይ ቢያመው አይፈረድበትም፤ እኔም ያመኛል። ነገር ግን ያችን የኪራይ መሬት የውርደት ምልክት ብቻ አድርጎ መተው ለነጋዴው ያደረገችውን መካድ ነው። የምዕራቡ ቡና ገበያ ያገኘው በእሷ በኩል ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ የውሉ ቃል ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታየ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ያልተያዘው መንግሥት መቀመጫው ጎሬ ሆነ፤ ልዑል ራስ እምሩ በንጉሡ ስም፣ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹም በፕሬዚዳንትነት ቆሙ። ወደ ውጭ ዓለም የሚያወጣቸው የቅርብ በር ጋምቤላ ነበረች። በዚያው ሰሞን የወለጋ ባላባቶች አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲተዳደር ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፤ ጉዳዩ በጎሬው ቆንስል በካፒቴን ኤስሜ አርስኪን በኩል አለፈ፤ ለንደን ግን አልተቀበለችውም። ለፖለቲካ አይውልም የተባለው የወንዝ መንገድ በአንድ ክረምት ውስጥ የመንግሥትም፣ የባላባትም፣ የስደተኛም መንገድ ሆኖ ዋለ።

ኅዳር 1929 ዓ.ም. ላይ ጎሬ ወደቀች፤ በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ አጠገብ ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው የወደቡን ታሪክ አስቸጋሪ የሚያደርጉት። በኪራይ መሬቱ ላይ የሱዳን አስተዳደር፣ በዙሪያው የፋሺስት መንግሥት፤ ወንዙ ሲሞላ መርከብ ይመጣል፣ ቡና ይጫናል። ጣሊያን ማርትሬዛውን በሊሬ ለመተካት ብዙ ደከመ፤ ገበሬውና ነጋዴው ግን ወረቀቱን አላመነውም፣ ብሩን ፈለገ። የጠላትን ገንዘብ አልቀበልም ማለት ለአንዳንዱ የልብ ጉዳይ ነበር፤ ለብዙው ግን የሂሳብ ጉዳይ ይመስለኛል። እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ሰላም እስካለች ድረስ ንግዱን ቀጠለች፤ በወረራ የተያዘ አገር ቡና ካርቱም ገበያ ላይ የሸሸ ሰው ሳይሆን ሸቀጥ ነበር። ይህን ወደቡን በምናስብበት ጽሑፍ ውስጥ መተው ለሟች ማዳላት ይሆናል።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ኪራይና ውል ዋጋ አጡ፤ ጋምቤላ ጠቅላላ በጣሊያን እጅ ሆነች። ከወንዙ በታች ድንበሩ የውጊያ መስመር ሆነ። ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋ በመጻፍ የሚታወቀው እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች በኩል ጥቂት የአኝዋ ጠመንጃ ያዦችን ይዞ የጣሊያንን ጦር ያስጨንቅ ነበር። አጥኚው ይጠቀሳል፤ መንገዱን፣ መሻገሪያውንና ሣሩን የሚያውቁት ግን አኝዋዎቹ ነበሩ።

መጋቢት 1933 ዓ.ም. ላይ ሁለት ጦር መጣ። አንዱ ከምሥራቅ አፍሪካ ልጆች የተመለመለው የእንግሊዝ ጦር ነው። ሌላው የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ነው፤ ቤልጅግ ራሷ በጀርመን ከተያዘች ዓመት ሊሞላት ነበር፣ የኮንጎ ወታደሮች ግን የዚያችን የተያዘች አገር ባንዲራ ተከትለው፣ አፍሪካን አቋርጠው በዓባይ በኩል መጡ። በመጋቢት መጀመሪያ አሶሳ፣ በወሩ አጋማሽ ጋምቤላ ነጻ ወጡ። ከዚያ ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ያኔ ሳዮ ትባል ወደነበረችው ወጡ። እዚያ ላይ የነጋዴው የድሮ ፈተና ጄኔራሎቹን ጠበቃቸው፦ ዝናቡ ሲጥል የጭነት መኪናው ጭቃ ያዘው፣ ስንቅ አጠረ፣ በሽታ ገባ። ከሞቱት የኮንጎ ወታደሮች የሚበዙት በጥይት ሳይሆን በበሽታ ነው የሞቱት።

በሰኔ መጨረሻ ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ ለቤልጅጉ ጄኔራል ኦግስት ጂሊያርት እጁን ሰጠ። ጋዜራ ተራ አዛዥ አልነበረም፤ ዱክ ዳኦስታ አምባላጌ ላይ ከተማረከ በኋላ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ገዢ እሱ ነበር። ከኋላው በጅማ በኩል እነ ገረሱ ዱኪ ከአርበኞቻቸው ጋር ነበሩበት። የሮማ መንግሥት ገዢ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ለኮንጎ ጦር መማረኩን በየትምህርት ቤቱ ስንማር አልሰማንም። ሊነገር የሚገባው ነበር።

ድሉ ጋምቤላን ወዲያው የእኛ አላደረጋትም። የሱዳን አስተዳደር ተመለሰ፤ መርከቡም ጉምሩኩም እንደ ድሮው ቀጠሉ። ኪራዩን ያፈረሰው ጦርነት ሳይሆን የውሉ የራሱ ቃል ነው። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር አበቃ፤ ጋምቤላም በዓመቱ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ትክክል ነበር፤ ይልቁንም ዘግይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ያልቃል። የመኪና መንገዱ የምዕራቡን ቡና ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ አዞረው፤ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ፣ በመኪና አሰብ ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መንገድ ያገኘ ነጋዴ አምስት ወር የሚሠራ ወንዝ አይጠብቅም። በታችኛው በኩል የደቡብ ሱዳን ጦርነት አንዴ በርዶ፣ በ1975 ዓ.ም. እንደገና ሲነሣ የሶባት መንገድ ለንግድ መርከብ የሚሆን አልነበረም። ውሉ ስሟን የጠራት ኢታንግም የምትታወቀው በወደብ ሳይሆን በስደተኞች መጠለያ ሆነ። ባንዲራው መመለሱ ግድ ነበር፤ መርከቡ አብሮ እንዲቀር ግን ያስገደደን ሕግ አልነበረም። የወንዙን ደለል የሚጠርግ፣ ጀልባ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ቢኖረን ኖሮ ለናሲርና ለማላካል ገበያ ቢያንስ እህልና ቡና እናወርድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ወደብ ከሁሉ ይበልጥ የደከሙት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው፤ በ1968 ዓ.ም. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የኢትዮጵያንና የሱዳንን የምዕራብ ድንበር ግንኙነት ይመለከታል። ጥናቱ የሚያቆመው ጣሊያን ሊገባ ሲል ነው። የጦርነቱ ዘመን ወደብ በጎሬ፣ በቡሬና በጋምቤላ ሰዎች አፍ እንዴት ይነገር እንደነበር ማን እንደሚጽፈው እንጃ። በ1933 ዓ.ም. ነፍስ ያወቀ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናውን አልፏል።