«ተዳር እዳር» ስለሚለው ቃል፤ የ1894 ዓ.ም. የወሰን ውል ሲመረመር

በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ሁለት ምስክር እንደ ቆመለት ሙግት ነው፤ የምስክሮቹ ቃል ባልገጠመ ጊዜ እያንዳንዱ ቃል ሊመረመር ይገባል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መልክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የተዋዋሉት የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም ጽሑፍ እኩል ይጸናል ተብሎ ነው። የራስ መኰንን ጦር በ1890 ዓ.ም. የዘመተበት የቤኒ ሻንጉል ምድር በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ መሆኑን እንግሊዝ የተቀበለችው በዚሁ ውል ነበር።

አንደኛው ክፍል ከኡም ሐጀር ጀምሮ በጋላባት አድርጎ ወደ ጥቁር ዓባይ፥ ወደ ባሮ፥ ወደ ፒቦርና ወደ አኮቦ የሚሄደውን፥ በካርታ ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረውን ወሰን ይናገራል። ንባቡ አጭርና ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ወንዙን ሁሉ በስሙ ሲጠራ ሕዝቡን አይጠራም። በርታ ወይም ጉሙዝ የሚል ቃል አይገኝበትም። በሁለተኛው ክፍል የሰው ነገር የሚነሣው፥ ወሰኑ በምድር ላይ ከተከለለ በኋላ ለሁለቱ መንግሥታት ተገዦች እንዲነገራቸው ነው። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የተከፈለው የበርታ ወገን እንግዲህ በውሉ ዘንድ ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አይደለም።

ትልቁ ነገር ያለው በሦስተኛው ክፍል ነው። እንግሊዝኛው፥ ውሃው ወደ ዓባይ እንዳይፈስ የሚያቆም ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ይላል፤ አማርኛው ግን ወንዙን «ተዳር እዳር የሚደፍን» ሥራ ይላል። ያኛው የሥራውን ውጤት ያያል፤ ይኸኛው መልኩን ጭምር። ከአንድ ዳር ቦይ ጠልፎ እርሻውን የሚያጠጣ ገበሬ በአማርኛው ንባብ የሚከሰስበት ነገር የለም። ብዙ የአገር ተከራካሪ እዚህ ሲደርስ ደስ ብሎት ያቆማል። ነገር ግን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በእርግጥ ተዳር እዳር የቆመ ነው፤ በ«ዳር» ብቻ የሚከራከር ሰው ወጥመዱን ለራሱ ያጠምዳል።

የሚጸናው ክርክር «ደፈነ» በሚለው ግስ ላይ ነው። መድፈን መተላለፊያን ፈጽሞ መዝጋት ነው፤ በተደፈነ ቀዳዳ የሚያልፍ የለም። አማርኛ «ገደበ» የሚል ግስም አለው፤ የውሉ ጸሓፊ የመረጠው ግን የቀደመውን ነው። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ቢሆንም፥ ውሃው መዘውሩን አዙሮ ካላለፈ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግድቡ ሲሞላ የቀረውን ውሃ የሚያነሣ የግብጽ ተከራካሪም ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም «ጐደለ» ማለትና «ተደፈነ» ማለት ልዩ ልዩ ነው። የእንግሊዝኛውም ቃል ቢሆን በቀጥታ ሲነበብ ማቆምን እንጂ መቀነስን አይናገርም።

ስምምነት የሚለውን ቃል በመጀመሪያ ያቃለለችው ራሷ እንግሊዝ ናት። በ1918 ዓ.ም. ስለ ጣና ውሃና ስለ ባቡር መንገድ ከኢጣልያ ጋራ ደብዳቤ ስትለዋወጥ ኢትዮጵያን አልጠየቀችም። ራስ ተፈሪም ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ሁለቱም መንግሥታት ደብዳቤው የኢትዮጵያን ነፃነት አይነካም ብለው ለማስረዳት ተገደዱ።