ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት

አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው፣ በየፎቁ 16 ወይም 17 ደረጃ ብንይዝ፣ ቤቱ ለመግባት ከ60 በላይ ደረጃ ይወጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ደግሞ ይህንኑ ደረጃ ባለ20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሞ ይወጣዋል። ብሎኮቹ አብዛኞቹ ጂ+4 ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ይህ ተረስቶ የቀረ ነገር አይደለም፤ ታስቦበት የተወሰነ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከ20 ዓመት በፊት ሲጀመር ዓላማው በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው የቤት ባለቤት ማድረግ ነበር። ሊፍት ገንዘብ ይፈጃል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ጥገና ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀረ። ለአካል ጉዳተኞች የተገኘው መፍትሔ ግራውንድ ላይ ያሉትን ቤቶች በቅድሚያ መስጠት ሆነ። በዘመኑ የሚያሳፍር መልስ አልነበረም። የጎደለው ስሌቱ ውስጥ ጊዜ አለመግባቱ ነው።

ግራውንዱን ለአካል ጉዳተኛ ማለት፣ ማን አካል ጉዳተኛ እንደሆነ ዕጣው በሚወጣበት ቀን ታውቆ ያልቃል ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ግን ቁልፍ የተቀበሉት ከዐሥር ዓመት በላይ ጠብቀው ነው፤ ሲመዘገቡ 45 ዓመት የነበሩት ሲረከቡ ጡረታ ደጃፍ ላይ ደርሰዋል። በመካከሉ ስኳር አለ፣ ደም ግፊት አለ፣ ስትሮክ አለ፣ የመኪና አደጋ አለ። ሦስተኛ ፎቅ የደረሰው ጤነኛ ሰው ውሎ አድሮ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ደረጃው ግን ያው ደረጃ ነው። ግራውንድ የደረሰውም ቢሆን ቤቱ ይገባ እንደሆነ እንጂ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ለቅሶ አይደርስም፣ የታመመ ጎረቤት አይጠይቅም። እኔ የምሟገተው እዚህ ላይ ነው። አካል ጉዳተኝነት በአርቆ ማየት (ስትራቴጂክ ፎርሳይት) ሥራ ውስጥ “እነሱንም እንዳንረሳ” ተብሎ መጨረሻ ላይ የሚታከል ቡድን ተደርጎ ይወሰዳል፤ ጉዳዩ ግን ከሥር ከመሠረቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። የሰው አካል በዓመታት ይለወጣል፣ ኮንክሪት ባለበት ይቆማል። ስለዚህ በዚህ መስክ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ባለሙያ ትልቁ ሥራው እያንዳንዱ ውሳኔ የሚቆለፍበትን ቀን ፈልጎ ማግኘትና አካል ጉዳተኞች ከዚያ ቀን በፊት ጠረጴዛው ጋ እንዲደርሱ ማድረግ ነው። ስለ መጪው ዘመን ያማረ ታሪክ መጻፍ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሙያውን ለማያውቀው ሰው፣ ስትራቴጂክ ፎርሳይት የሚባለው ነገር ትንቢት አይደለም። ገና ያልጎሉ ምልክቶችን ይለቅማል፣ ከእነሱ ተነሥቶ የተለያዩ የወደፊት መንገዶችን (ሲናሪዮዎችን) ይነድፋል፣ ዛሬ የተያዘው ዕቅድ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ይቆም አይቆም እንደሆነ ይፈትናል። በእኛ ሀገር በሰፊው የታወቀው ምሳሌ በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ዴስቲኒ ኢትዮጵያ ነው። ከተለያየ የፖለቲካ ጎራ የተውጣጡ 50 ሰዎች ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2040 ልትደርስባቸው የምትችላቸውን አራት ሁኔታዎች ነድፈው ሰባራ ወንበር፣ አፄ በጉልበቱ፣ የፉክክር ቤት እና ንጋት ብለው ሰየሟቸው። ስሞቹ ማንም ሰምቶ የሚይዛቸው ነበሩ፤ ይህ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ዓመት ሳይሞላ ግን በጥቅምት 2013 በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል ጦርነት ተጀመረ። ይህን አይቶ ሙያውን የሚያጣጥል ሰው ያጋጥማል። እኔ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። ሲናሪዮ የቱንም ያህል ቢያምር ማን፣ መቼ፣ ምን ከሚወስንበት ወረቀት ጋር ካልተሳሰረ ውሳኔውን አያዘገየውም፣ አያፈጥነውም። በአካል ጉዳት ጉዳይ ላይ ደግሞ የሚያስተሳስሩት ወረቀቶች በግልጽ የሚታወቁ ናቸው፤ ፕላን፣ ቢጋር፣ የጨረታ ሰነድ፣ በጀት። እዚህ ላይ ከአገር አቀፍ ፖለቲካ ይልቅ ዕድለኞች ነን።

ምልክት ለቀማው የሚጀምረው ከቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ያጣላል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳት ያለባቸውን ከመቶ 1 ገደማ አድርጎ መዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይላል። ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ከአጠያየቁ ነው። ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ “አካል ጉዳተኛ አለ?” ሲል፣ እናት ልጇን ትደብቃለች፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንትም ራሳቸውን እዚያ ውስጥ አይቆጥሩም። “መነጽር አድርገውም ቢሆን ለማየት ይቸገራሉ? ደረጃ መውጣት ይከብድዎታል?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሌላ ይሆናል። ከመቶ 1 የያዘ ዕቅድ አውጪ ስለ ልዩ አገልግሎት ያስባል፤ ከመቶ 17 የያዘ ስለ እያንዳንዱ መግቢያ ያስባል። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በመካከሉም የጉዳቱ ዓይነት ራሱ እየተቀየረ ነው። የቀድሞዎቹ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የተመሠረቱት ፖሊዮና የዓይን በሽታ ብዙ ሰው በጎዱበት ዘመን ነበር። የሚመጡት ዓመታት የሚያበዙት በስትሮክ አንድ ጎናቸው የሰነፈባቸውን፣ በሞተር ብስክሌት አደጋ የተጎዱትን፣ ከጦርነቱ የተመለሱትን፣ በዕድሜ ጆሯቸው የከበደባቸውን ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ማኅበር ውስጥ የሉም፤ ራሳቸውንም አካል ጉዳተኛ ብለው አይጠሩም። ማኅበራቱ ስለ ራሳቸው መጪ ዘመን የሚያደርጉት ውይይት ከዚህ ቢጀምር ይበጃል ባይ ነኝ።

ውሳኔን የሚቆልፈው አንዳንዴ ሕግ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ከሀገር ውስጥ የሚዋጣው ገንዘብ ደግሞ ለደመወዝ እንኳ አይበቃም ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ መብቱ ጸደቀ፣ ስለ መብቱ በውጭ ገንዘብ መናገር ተከለከለ። አዋጁ በቁጥር 1113 የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሁን ተነፈስን ሲባል በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አገደ፤ ያን ክረምት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። “ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ በአንድ ጠዋት ቢቆም ምን ይቀራል?” የሚለው ጥያቄ በየሥልጠናው እንደ ጨዋታ ይቀርብ የነበረ ነው። ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአማን–በርሊን መግለጫ ከልማት ፕሮግራሞች ቢያንስ 15 በመቶው አካታችነትን ዓላማ እንዲያደርጉ ይላል። ቃል ኪዳን ግን ኪራይ አይከፍልም።

ውሳኔ ሲቆለፍ ምን እንደሚመስል በአንድ ራምፕ ላይ ማየት ይቻላል። በሰፊው የተለመደው መለኪያ አንድ ለዐሥራ ሁለት ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው ራምፕ ይፈልጋል። ሦስት ደረጃ ከፍ ያለ የሕንፃ መግቢያ፣ 45 ሳንቲ ሜትር እንበል፣ 5 ሜትር ከ40 ይጠይቃል። ይህ ቦታ ፕላኑ ወረቀት ላይ ሳለ አንድ መስመር ማስመር ነው። ኮንትራት ከተፈረመ በኋላ ቫሪዬሽን ይባላል፣ ዋጋ ይጠየቅበታል። ሱቆቹ ተከራይተው ካለቁ በኋላ ማፍረስ ነው። የዓለም ባንክ ሰነዶች በተደጋጋሚ የሚጠቅሱት ግምት፣ ተደራሽነት ከመነሻው ከታሰበበት በግንባታው ወጪ ላይ የሚጨምረው ከ1 በመቶ ብዙ አይርቅም የሚል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ሕጉ እያለ ከደረጃው ጎን ተለጥፎ የምናየው ራምፕ ብዙ ጊዜ ዳገት ነው፤ ቦታው አልቆ የመጣ ሐሳብ ስለሆነ። ከሳር ቤት በላፍቶ ወደ ፉሪ እንደሚዘልቀው ባሉ የኮሪደር ልማት መስመሮች ላይ የሚነጠፈው ባለ ጉብታ ንጣፍም እንዲሁ ነው። ርዝመቱን የያዙት ጉብታ መስመሮች “ሂድ” ይላሉ፣ ክብ ነጠብጣቦቹ “ቁም፣ አስተውል” ይላሉ። ነጭ በትር የያዘ ሰው እነዚህን ያነባቸዋል። “ሂድ” የሚለው መስመር ምሰሶ ላይ ከጨረሰ፣ ወይም ታክሲ መሳፈሪያው ጋ ሳይደርስ ከተቋረጠ፣ ንጣፉ ባይኖር ይሻል ነበር። ይህን የሚያውቀው በእግሩና በበትሩ የሚያነብ ሰው ነው፤ ዕውቀቱ የሚጠቅመው ደግሞ ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ነው።

የራሳችን መሣሪያዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። የፎርሳይት ዐውደ ጥናት ማለት ግድግዳ ሙሉ ባለ ቀለም ወረቀት፣ መሐሉ ላይ የተሰመረ መስቀል፣ አራት ማዕዘን ነው፤ ለዓይነ ስውር ተሳታፊ ባዶ ግድግዳ ነው። ሲናሪዮዎቹን በቃል መተረክ፣ ክርክሩን በተራ ማድረግ፣ እያንዳንዱ ተናጋሪ ስሙን አስቀድሞ እንዲናገር ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰነድ ቀድሞ መላክም እንዲሁ፤ ብቻ በምን ፎንት? በቆየው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ይመስላል፤ ስክሪን ሪደር ሲያነበው ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ይዘረግፋል። ዩኒኮድ ወዳልሆነ ፎንት የተመለሰ ጸሐፊ ሳያስበው አንድ ወገን ከስብሰባው አስወጥቷል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም አንድ አይበቃም፤ እየተፈራረቁ የሚሠሩ ሁለት ያስፈልጋሉ፣ እንደ “ሲናሪዮ” ላሉ ቃላት ምን ምልክት እንደሚጠቀሙ ቀድመው ከተሳታፊዎቹ ጋር መስማማት አለባቸው። የመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት በኖረበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ “አስተርጓሚ አጣን” የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም።

ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ዛሬ ዊልቸር የሌለው ሰው ስለ 2040 ምን አገባው የሚል ነው። እውነት አለበት፤ በዊልቸር ፈንታ ሲናሪዮ የሚሰጥ ፕሮጀክት ነውር ነው። ነገር ግን የዛሬው ችግር ትናንት የተወሰነ ነው። የዛሬን ብቻ የሚያስታምም ሥራ፣ ጀሞ ላይ እንደሆነው ሌሎች የነገውን ችግር በኮንክሪት ሲያፈስሱ፣ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ሁለተኛው የበለጠ ያስቸግረኛል። በጎ ፈቃደኝነት የሚባለው ነገር ለማን ነው ነጻ የሚሆነው? ከውጭ ወይም ከዲያስፖራ በዙም የሚያገለግል ባለሙያ ደመወዙ ሌላ ቦታ አለ፤ ጊዜውን ቢሰጥ አይጎዳም። አካል ጉዳተኛው ተሳታፊ ግን ከለቡ ወይም ከሳሪስ ለመምጣት አንዳንዴ ሙሉ ታክሲ ይከራያል፣ ረዳቱም የቀን ሥራውን ይተዋል። የእሱን ዕውቀት “ተሳትፎ” ብሎ በነጻ ወስዶ ሪፖርቱን ለጻፈው አማካሪ መክፈል ሸፍጥ ነው። ውሎ አበል ስብሰባን አበላሽቷል የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ ቦታ እውነት ነው። መፍትሔው ግን አካል ጉዳተኛውን በባዶ እጁ መመለስ አይደለም፤ የትራንስፖርት፣ የረዳትና የሙያ ክፍያው በበጀቱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ነጻ የሚሠራው እኛው እንሁን። ቴክኖሎጂ ይፈታዋል የሚለውን ሦስተኛ ተቃውሞ ብዙ አልዘገይበትም፤ ስልክ ደረጃ አይወጣም።

የሚቀጥለው መቆለፊያ ቀን ሩቅ አይደለም፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የተዘጋጀው ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ነው። የሀገሪቱ የዐሥር ዓመት የልማት ዕቅድም በ2022 ዓ.ም. ያበቃል። በተለምዶ የባለድርሻ አካላት ውይይት የሚጠራው ረቂቁ ተጠርዞ ከመጣ በኋላ ነው፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ሁለት ወንበር ይሰጠዋል፣ አስተያየቱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። እንዲህ ላለ ዝግጅት ቢጋር የሚጻፈው ግን ከሰነዱ አስቀድሞ ነው። የባለሙያዎቹ ስብጥር፣ መስክ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች፣ የአስተርጓሚው በጀት የሚወሰኑት እዚያ ውስጥ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ በዚህ ሙያ ማገልገል የሚፈልግ ሰው ዘንድሮ የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ፣ ከማኅበራቱ ጋር ሆኖ የሚቀጥለውን ፕላን ቢጋር ማን እያረቀቀ እንደሆነ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ነው።