ስለ ባለሞተር የጥበቃ ካሜራዎች አቅጣጫ፤ አጭር ትችት

በሞተር እየዞሩ የሚጠብቁ ካሜራዎች ሲሸጡ በመግለጫ ወረቀታቸው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ይሰፍራል፤ ይኸውም ካሜራው ወደ ተመዘገበለት ቦታ ሲመለስ፣ ለምሳሌ ከ0.1 ዲግሪ በላይ አይስትም የሚል ነው። ቁጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን እንዴት እንደ ተለካ ካልተነገረ ገዢውንም ጠጋኙንም ያሳስታል።

በመጀመሪያ፣ ወደ ቀድሞ ቦታ መመለስና እውነተኛውን አቅጣጫ ማመልከት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ዘወትር ግማሽ ዲግሪ ወደ ቀኝ የሚያጋድል ካሜራ በመመለስ ረገድ ነቀፋ የለበትም፤ በማመልከት ረገድ ግን ስሕተተኛ ነው። አክሲስ፣ ቦሽና ሶኒ በ2008 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ኦንቪፍ የተባለው ማኅበር ባወጣው ደንብ እንኳ፣ አጠቃላዩ የአቅጣጫ መለኪያ ከ-1 እስከ +1 ያለ ቁጥር እንጂ ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ ከአንዱ ካሜራ የተወሰደ ቁጥር በሌላው ላይ ያንኑ ማዕዘን ላያመለክት ይችላል።

ሁለተኛም ስሕተቱ የሚመዘነው በዙሙ ልክ ነው። ግማሽ ዲግሪ በ100 ሜትር ርቀት 87 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ካሜራው 60 ዲግሪ ስፋት ሲያሳይ ይህ ከቁጥር አይገባም፤ 2 ዲግሪ ብቻ ሲያሳይ ግን የሥዕሉን ወርድ ሩብ ይወስዳል። በር ይጠብቃል የተባለው ካሜራ ግድግዳ ሲጠብቅ ያድራል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነቀፋ በጠጋኞች ላይ ነው። ካሜራው ሳተ በተባለ ቁጥር ሞተር መለወጥ ምርመራ አይባልም። ዙሙን እስከ መጨረሻው አቅርቦ፣ አንድ ግልጽ ምልክት መዝግቦ፣ ካሜራውን አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ ደጋግሞ መመለስ ብዙ ያስረዳል። በሁለቱ አመጣጦች መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ እኩል ከሆነ፣ በማርሹ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ይጠረጠራል። ስሕተቱ በየዙሩ እየተጠራቀመ ሄዶ ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ የሚስተካከል ከሆነ፣ ሞተሩ እርምጃ እየዘለለ ወይም ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ዙሩን የሚቆጥር መሣሪያ የሌለው ካሜራ ይህን ራሱ ሊያውቅ አይችልም። የተመዘገቡት ቦታዎች ሁሉ በእኩል መጠን ከዞሩ ግን የማቆሚያው ብሎን ይታይ። ካሜራው ሳይዞር ዙሙ ብቻ ሲንቀሳቀስ ምልክቱ ከመሐል የሚሸሽ ከሆነም ጥፋቱ የሌንሱ እንጂ የሞተሩ አይደለም።

እንግዲህ ገዢ የሆነ መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አለካኩንም ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ከየት አቅጣጫ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ዙም ተለካ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው 0.1 ዲግሪ የሻጭ ቃል እንጂ ልክ አይደለም።