ሰምቶ መናገር፦ ስለ አዝማሪ ቤት አድማጭ የቀረበ ሂስ

በሀገራችን ስለ ሙዚቃ የሚጻፈው ሂስ በአብዛኛው ፊቱን ወደ መድረኩ ያዞረ ነው። ድምፃዊው ቅኝቱን ጠብቋል ወይስ ስቷል፣ ግጥሙ ጠልቋል ወይስ ላይ ላዩን ሄዷል፣ ዜማው የራሱ ነው ወይስ ከሌላ የተቀዳ ነው እያልን ስንመረምር ቆይተናል። ይህ አስፈላጊ ሥራ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያደምጠው፣ ደስ ሲለው የሚያጨበጭበው፣ ሲከፋው የሚያፏጨው ወገን እስከ ዛሬ ከሂስ ሚዛን ላይ ብዙም አልወጣም። ለመሆኑ አድማጭ አይመዘንም? የማዳመጥ ሥነ ምግባር የሚባል ነገር የለም? ይህ ጽሑፍ አዝማሪ ቤትን እንደ ምሳሌ በመውሰድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

አዝማሪ ቤትን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በቴአትር አዳራሽ አድማጩ ከተቀመጠበት ወንበር አይነቃነቅም፤ ተግባሩ መስማትና ማጨብጨብ ነው። በአዝማሪ ቤት ግን አድማጩ የሥራው ተካፋይ ነው። ማሲንቆው በአንዲት የፈረስ ጭራ ዜማውን ሲያላዝን፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ድምፅዋን ስታነሣ፣ ከታዳሚው መካከል አንዱ እጁን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል። ለሴትዋ ከሆነ «ተቀበይ!» ይላል። ከዚያም ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው የመጀመሪያውን ሐረግ ተቀብሎ በዜማ ይደግመዋል፤ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ ቤት ሲመታ ታዳሚው በሳቅ ወይም በእልልታ ይመልሳል። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የሚፈጠረው ግጥም የአዝማሪው ብቻ አይደለም። የአድማጩም ነው። የፈጠራው ተካፋይ የሆነ ሰው ደግሞ ከፈጠራው ኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም።

ይህ ጉባኤ ደንብ አለው። ደንቡ በግድግዳ ላይ አልተለጠፈም፤ በወረቀትም አልሰፈረም። ሆኖም ዘወትር የሚመላለሱት ደንበኞች ሁሉ ያውቁታል። አዲስ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ይቀመጣል፤ ቤቱን ያጠናል፤ አዝማሪው በየትኛው ቅኝት ላይ እንዳለ፣ ጨዋታው የትዝታ ይሁን የባቲ፣ የቁም ነገር ይሁን የቀልድ ለይቶ ያውቃል። ትዝታ እየተዜመ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ሐሳብ ይዞ አንገቱን በደፋበት ሰዓት የሠርግ ቤት ቀልድ የሚወረውር ሰው ስንኙ የቱንም ያህል ቢያምር ጥፋተኛ ነው። ነገር በቦታውና በጊዜው ሲነገር ነውና የሚያምረው። ሁለተኛው ደንብ ማሳጠር ነው። ስንኝ የሚሰጥ ሰው ሁለት ወይም አራት ስንኝ ሰጥቶ ለሌላው ቦታ ይለቅቃል። ሌሊቱን በሙሉ «ተቀበል!» እያለ ብቻውን የሚይዝ ሰው፣ ግጥሙ ቢያልቅበት እንኳ ትዕቢቱ የማያልቅበት መሆኑን ከማስመስከር በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ሦስተኛው ደንብ ደግሞ የቤት ጣጣን ከቤት መተው ነው። የግል ጠብ፣ የዕዳ ክርክር፣ የጎረቤት ሐሜት የጉባኤው ጉዳይ አይደለም። በወዳጅ መካከል የሚወረወር ለዛ ያለው መንቆር ተፈቅዷል፤ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ግን አልተፈቀደም።

ይህን የምጽፈው ራሴን ከጥፋት አንጽቼ አይደለም። ሂስ ከግለ ሂስ ቢጀምር ይሻላልና የራሴን ላውጋ። በወጣትነቴ፣ በመጻሕፍት ያገኘሁት የቅኔ ዕውቀት ሙሉ መስሎ በታየኝ ዘመን፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ አዝማሪ ቤት ገባሁ። ገና ወንበሬ ሳይሞቅ «ተቀበል!» አልኩ። ከቤት ያዘጋጀሁትን፣ ከግእዝ ቃላት ጋር የተደባለቀውን ረጅም ግጥም አወረድኩት። አዝማሪው እንደ ሙያው ግዴታ ተቀበለ፤ አንዱንም ሐረግ ሳያጎድል ደገመ። ቤቱ ግን ዝም አለ። ዝምታው ባለቀ ጊዜ አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝግዞ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ በትሕትና እንዲህ አለ፦

ወርቅ ሽተው ከሆነ ከቤታችን መጥተው፣
ትንሽ ቁጭ ይበሉ ይናገሩ ሰምተው።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን ሰሙን ብቻ ይዤ ነበር። እንግዳ ሆይ፣ አስቀድመህ አዳምጥ፣ ከዚያም ትናገራለህ የሚለው ምክር በቂ ተግሣጽ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ነው ወርቁ የተገለጠልኝ። «ሰምተው» ያለው ለሁለት ተከፍሎ «ሰም ተው» ነበረ። ወርቅ ፍለጋ ከመጣህ ሰሙን፣ ማለትም ጌጡን፣ ታይታውን፣ እዩልኝ ስሙልኝ ባይነቱን ተወው ማለቱ ነው። በሁለት ስንኝ የተሰጠኝ ትምህርት ከብዙ መምህራን ያላገኘሁት ነበር። ከሁሉ በላይ የነካኝ ደግሞ ሰውየው ሊያዋርደኝ እየቻለ አለማዋረዱ ነው። «እርስዎ» ብሎ አክብሮኝ ነው የገሠጸኝ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ለብዙ ጊዜ እየሄድኩ ያለ ንግግር ተቀመጥኩ። ማዳመጥ ሥራ መሆኑን የተረዳሁትም ያኔ ነው።

ከዚህ ታሪክ የነባሩ ደንበኛ ግዴታም ይወጣል። አዲስ ሰው ሲሳሳት በጋራ የሚጮኹበት፣ በፉጨት የሚያባርሩት ቤት ራሱን የሚያደኸይ ቤት ነው። ዛሬ የተሳሳተው ሰው ነገ ጥሩ ስንኝ ሊያመጣ ይችላል፤ ተሸማቅቆ ከወጣ ግን አይመለስም። አዋቂነት የሚለካው አላዋቂውን በማሳፈር ሳይሆን በማስተማር ነው። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት፣ ሌላው ሰው የማይረዳው የሙያ ቋንቋ እንዳላቸው ይታወቃል። ታዳሚው እነሱን እንደሚመዝን ሁሉ እነሱም ታዳሚውን በዚያ ቋንቋ ሊመዝኑት ይችላሉና፣ አዲሱም ነባሩም ሚዛን ላይ መቀመጡን ባይዘነጋ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም እንግባ። የአዝማሪው ሙያ የተሰጠውን ስንኝ መቀበል ነው። ይህን ግዴታ መሣሪያ አድርገው የሚጠቀሙ አድማጮች አሉ። በራሳቸው አንደበት ሊናገሩት የማይደፍሩትን ስድብ፣ በአንድ ብሔረሰብ ወይም በአንድ ሃይማኖት ላይ የሚሰነዘረውን ንቀት፣ በአጠገባቸው በተቀመጠች ሴት ላይ የሚወረወረውን ነውር በስንኝ ጠቅልለው «ተቀበል!» ይላሉ። አዝማሪው ቢቀበል የስድቡ ባለቤት እሱ ይሆናል፤ ባይቀበል ሙያውን አጎደለ ይባላል። ስንኝ ሰጪው ግን ከጨለማው ጥግ ተቀምጦ ይስቃል። ይህ በሰው አፍ መሳደብ ነው። በሰው እጅ እሳት እንደመጨበጥ ያለ ፈሪነት ነው።

የአዝማሪ ቃል ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ታሪክን ያስታውስ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሽስቱ አስተዳደር ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር ዘዋሪ አዝማሪዎችም እንዲገደሉ አዝዞ ነበር። ጠላት ይህን ያደረገው ማሲንቆ ጠመንጃ መስሎት አይደለም። በሰምና ወርቅ የሚተላለፈው ቃል ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ የሕዝብን ልብ እንደሚያነሣሣ ስለገባው ነው። ሰዎች ሕይወታቸውን የከፈሉበትን አፍ የዛሬው አድማጭ የግል ቂሙ ማስተላለፊያ ሊያደርገው አይገባም።

ሁለተኛው ሕመም ገንዘብ ነው። አዝማሪን መሸለም የቆየ ልማድ ነው፤ በግንባሩ ላይ የብር ኖት መለጠፍም የተለመደ ነው። ሽልማት ግን ምስጋና ሲሆን ነው ሽልማት የሚባለው። በአንዳንድ ቤት የምናየው ሌላ ነው። ገንዘቡን በየተራ እያወጣ፣ አዝማሪውን እያቁለጨለጨ፣ ስሙንና ሀብቱን እስኪሰለች ድረስ የሚያስወድስ ሰው አለ። እሱ የሸለመው አዝማሪውን ሳይሆን ራሱን ነው። ሌላው ታዳሚ የከፈለው ዋጋ ተዘንግቶ ሌሊቱ የአንድ ሰው የውዳሴ ድግስ ይሆናል። «ከፋይ ነኝ፣ ያዘዝኩት ይዘፈንልኝ» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ለጠጁ የከፈለ ጠጁን ገዝቷል፤ የጉባኤውን ጆሮ ግን አልገዛም።

እዚህ ላይ የድሮውን ሁሉ እያሞገስን እንዳንሳሳት መጠንቀቅ ይገባል። ቀድሞ አድማጩ ጨዋ ነበር፣ ዛሬ ተበላሸ የሚለው አባባል እውነቱን ግማሽ ብቻ ይናገራል። በድሮው ዘመን አዝማሪውን በግብር አዳራሽ እያዘፈነ የሚደሰተው ሰው፣ ልጁን ለአዝማሪ ልጅ መዳር ግን ያሳፍረው ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የተከበረ ቃል ጋር ዝምድና እያለው ለስድብ ሲውል ኖሯል። ሙያውን እየወደዱ ባለሙያውን መናቅ ከሁሉ የከፋው የአድማጭ ነውር ነው። ስለዚህ የምንሻው ሥነ ሥርዓት የድሮውን እንዳለ መመለስ አይደለም። ለዛውን፣ ትዕግሥቱን፣ ሰምቶ መናገሩን ወስዶ ንቀቱን መጣል ነው።

«ደንብ ማብዛት ጨዋታን አይገድልም ወይ? አዝማሪ ቤት ሰው በነፃነት የሚናገርበት ቦታ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በራሱ በቅኔው ውስጥ አለ። ስንኝ ቤት ካልመታ፣ ሐረግ ካልተመጠነ ቅኔ አይሆንም፤ ልኩ ነው ነፃነት የሰጠው። ኃይለኛውን መንካት፣ ግፍን ማጋለጥ፣ ሹሙን መውቀስ የአዝማሪ ቤት ጥንታዊ መብት ነው፤ ይህ ጽሑፍም አንዱን ስንኝ እንኳ ዝም ለማሰኘት አልተጻፈም። የምንለየው ወደ ላይ በድፍረት የሚወረወረውን ወቀሳ በደካማ ላይ ተደብቆ ከሚሰነዘረው ስድብ ነው። የመጀመሪያው ወርቅ አለው፤ ሁለተኛው ሰም እንኳ የለውም።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው የመሰብሰቢያው ቦታ ራሱ ስለሚለዋወጥ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን ጨዋታ አሳጥሮት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ፣ በተለይም በካዛንቺስ አካባቢ፣ አዝማሪ ቤቶች እንደገና ተስፋፉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነባር መንደር በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ሰዎችና ቤቶች ከቦታቸው ተነሡ። ቤት በሌላ ሥፍራ ሊሠራ ይችላል። ግድግዳው ውስጥ የኖረው ያልተጻፈ ደንብ ግን ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ከአዲሱ ሕንፃ ጋር አብሮ አይገባም። ነባር ደንበኞች ሲበተኑ አዲሱን ሰው በሁለት ስንኝ የሚገሥጸው፣ ቀስ ብሎ «ቁጭ በል፣ ስማ» የሚለው ማን ነው?

ከቤቱ ውጭም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሐሊም ኤል ዳብ የተመሠረተውና በኋላ በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ አሰባስቦ ባህላዊ መሣሪያዎቻችን በክብር እንዲደመጡ አድርጓል። ካሴት ሲመጣ አድማጩ ብቻውን በቤቱ መስማት ጀመረ፤ ያለፈቃድ ማባዛትም ተስፋፋና ባለሙያው የድካሙን ዋጋ አጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ለመግታት የታሰበ ነው። አዋጅ ግን ሌብነትን ይከለክላል እንጂ አክብሮትን አይወልድም። ዜማውን ስንወድ የደራሲውን ስም መጥራት፣ ግጥሙን ስንደግም የማን እንደሆነ መናገር በየትኛውም ዘመንና መሣሪያ የአድማጭ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቅኔን ሲያስተምሩ መፍታትን ብቻ ሳይሆን መቀበልንም ያስተምሩ። በክፍል ውስጥ አንዱ ስንኝ ሲሰጥ ሌላው ተቀብሎ እንዲመልስ ቢደረግ፣ ተማሪው የራሱን ከመናገሩ በፊት የሌላውን በሚገባ የመስማትን ልማድ ይይዛል። በባህል መሥሪያ ቤቶችና በማኅበራት የተሰማሩ ካድሬዎች የባህል ምሽት ሲያዘጋጁ አዝማሪውን ለንግግር ማሳረፊያ አድርገው ከማቅረብ ይልቅ ጊዜና ጆሮ ይስጡት። አርቲስቶችም ለገንዘብ ሲሉ የማይገባውን ስንኝ አለመቀበልን እንደ ሙያ ክብር ይቁጠሩት፤ አድማጩም ያን ጊዜ ከጎናቸው ይቁም። አንድ አዝማሪ ነውረኛ ስንኝ አልቀበልም ብሎ ማሲንቆውን ሲያሳርፍ ቤቱ በሙሉ ቢያጨበጭብለት፣ በማግስቱ ያን የመሰለ ስንኝ ይዞ የሚመጣ ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ያ አዝማሪ ዛሬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔን የገሠጸበት ስንኝ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ሂስ ልጽፍ ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር አስቀድሜ ራሴን የምጠይቀው በእሱ ቃል ነው፦ ሰምቻለሁ ወይ? ሰሙንስ ትቻለሁ ወይ?