ኤርላንግ በጠባብ ቺፕ

ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ለስልክ ማዞሪያዎች ተብሎ የተፈጠረ ፈንክሽናል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ብዙ ጥሪ በአንድ ጊዜ ሲስተናገድ የአንዱ ብልሽት ሌላውን እንዳይነካ ታስቦ ተሠራ። ዳቪዴ ቤቲዮ የጀመረው አቶምቪኤም ይህንኑ ቋንቋ፣ ከእሱ ከወጣው ከኤሊክሲር ጋር፣ እንደ ኢኤስፒ32 ባሉ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ ያሠራል። የኢኤስፒ32 የሥራ ሜሞሪ 520 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ዋይፋዩ ድርሻውን ይወስዳል። ዋናው የኤርላንግ ቨርቹዋል ማሽን እዚህ ስለማይገባ፣ አዘጋጆቹ በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፉት።

የሥራው ጥበብ ምን ይቅር፣ ምን ይቆይ በሚለው ምርጫ ላይ ይታያል። ሰፊው ላይብረሪ ተቀንሷል፤ የቋንቋው ነፍስ ግን አልተነካም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በመልእክት ነው፤ ሲወድቅም የሚከታተለው ፕሮሰስ፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ ያነሳዋል።

አምፖል የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ፈንክሽን አምፖሉ የተያያዘበትን የቺፑን ፒን ቁጥርና ሁኔታውን ይቀበላል፣ በፒኑ ላይ ይጽፋል፣ አንድ ሰከንድ ይተኛል፣ ከዚያም ሁኔታውን ገልብጦ ራሱን ይጠራል። ግልበጣው ሁለት መስመር ነው፦ «ከፍ» ከመጣ «ዝቅ»፣ «ዝቅ» ከመጣ «ከፍ»። እሴቱ የሚለዋወጥ ተለዋዋጭ የለም፤ ጊዜ ራሱ በፈንክሽኑ ጥሪ ውስጥ ያልፋል። በስድ ንባብ ቢሆን ኖሮ የተመጠነ ዓረፍተ ነገር እንለው ነበር።

የፕሮሰሱ ሜሞሪ በምን ስልት እንደሚያድግ ፕሮግራመሩ እንዲመርጥ መፈቀዱም የሚመሰገን ነው። ማሽኑ የቦታውን ጥበት አይደብቅም።

ጉድለቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። ኤርላንግ ለሙሉ ቁጥር ወሰን የለውም፤ አቶምቪኤም እስከ 0.6 እትሙ ድረስ ከ64 ቢት አላለፈም። ቆሻሻ ሜሞሪ የሚጸዳው በሕይወት ያለውን ዳታ ወደ አዲስ ቦታ በመቅዳት በመሆኑ፣ ለአፍታ አሮጌውም አዲሱም አብረው ይኖራሉ፤ በአገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ማንም ልብ የማይለው ይህ አፍታ እዚህ ቺፑን ሊያንቀው ይችላል። በማይክሮሰከንድ የሚለካ ሥራ ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራመሩ ወደ ሲ መመለሱ አይቀርም። ሙቀት ለክቶ በዋይፋይ ለሚልክ መሣሪያ ይህ አያስጨንቅም፤ ሞተር በቀጥታ ለሚነዳ ያስጨንቃል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። የኤርላንግ ትምህርት «የተበላሸው ይውደቅ፣ እንደገና ይነሳ» ይላል። በስልክ ማዞሪያ ላይ የወደቀ ፕሮሰስ አንድ ጥሪ ያቋርጣል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እዚህ ግን የውኃ ፓምፕ ሪሌይን የከፈተ ፕሮሰስ ቢወድቅ፣ ቺፑ ራሱ እስካልተነሳ ድረስ ፒኑ ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ፓምፑም ይሠራል። ሱፐርቫይዘሩ የሚያስተካክለው የፕሮሰሱን ሁኔታ እንጂ የሽቦውን አይደለም። ፕሮሰሱ ሲነሳ በቅድሚያ ፒኑን ዝቅ የሚያደርገውን መስመር መጻፍ የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው፤ የአምፖሉ ምሳሌ፣ ያ ሁሉ ውበቱ እንዳለ ሆኖ፣ ስለዚህ ነገር ምንም አይነግረውም።