የተወረወረችው ኳስ ምን ትነግረናለች? «አዌከኒንግስ» የተሰኘው ፊልም በሳይንስ ዓይን

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው «አዌከኒንግስ» የሆሊውድ ፊልም ነው፤ ዕድሜው ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል። ስሙ በአማርኛ «መንቃት» እንደማለት ነው። ዳይሬክተሯ ፔኒ ማርሻል ናት፤ ሮቢን ዊሊያምስ ሐኪሙን፣ ሮበርት ዲኒሮ ደግሞ ታካሚውን ሆነው ተውነውበታል። ለምርጥ ፊልም የኦስካር እጩ እስከመሆን ደርሷል። እኛ ግን ዛሬ የምንተቸው ትወናውን አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ፊልሙ አንጎል ሰውነትን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚነግረን ነገር ትክክል ነው ወይ?

መልሱን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ የፊልሙ የመጀመሪያ ግማሽ ግሩም አስተማሪ ነው። መጨረሻው ግን ተመልካቹን ያሳስታል። ስህተቱም እንዲሁ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ በቤቱ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለው ተመልካች የተሳሳተ ነገር ይዞ ሊነሳ ይችላል።

ታሪኩ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ከ1916 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ ኢንሰፋላይቲስ ሌታርጂካ የተባለ የአንጎል በሽታ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ተዛምቶ ነበር። ኮንስታንቲን ፎን ኢኮኖሞ የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1917 ቪየና ላይ ሆኖ ስለ በሽታው ጽፏል። አንዳንዶች «የእንቅልፍ በሽታ» ይሉታል፤ በጼጼ ዝንብ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። መንስኤው እስከ ዛሬ በሳይንስ አልተረጋገጠም። ከሞት ከተረፉት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ሰውነታቸው እየገተረ፣ እየዘገየ፣ በመጨረሻም እንደ ሐውልት ቀጥ እያለ ሄደ።

ከእነዚህ ሰዎች የተወሰኑት ኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚገኘው ቤዝ አብርሃም ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ተቀምጠዋል። ዶክተር ኦሊቨር ሳክስ በ1969 ሌቮዶፓ የተባለውን መድኃኒት ሰጣቸው፤ ያየውንም በ1973 ፊልሙ በወረሰው ርዕስ በመጽሐፍ አሳተመ። ፊልሙ ሐኪሙን ዶክተር ሴየር ብሎ ስሙን ቀይሮታል፤ ዋናው ታካሚ ደግሞ ሌናርድ ይባላል።

ኳሷና ወለሉ

የፊልሙ ትልቁ ሀብት ያለው ከመድኃኒቱ በፊት ባሉት ትዕይንቶች ነው። ሉሲ የምትባል (የእኛዋ ድንቅነሽ ሳትሆን) አሮጊት ታካሚ አለች። ብታናግሯት አትመልስም፤ ብትጠሯት ዞር አትልም። ሐኪሙ ኳስ ሲወረውርላት ግን እጇ ተነስቶ ኳሷን ቀብ ያደርጋል! በሌላ ትዕይንት መራመድ ትጀምርና ወለሉ ላይ ያለው የጥቁርና ነጭ ሰድር ንድፍ በሚያልቅበት ቦታ ቀጥ ትላለች። ሐኪሙና ነርሷ የቀረውን ወለል በዚያው ንድፍ ይቀቡታል። ሉሲም ጉዞዋን ትቀጥላለች።

ይሄ የደራሲ ፈጠራ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። ጄምስ ፐርደን ማርቲን የተባለ የነርቭ ሐኪም እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ወለል ላይ የተሰመረ መስመር ሲያገኙ በተሻለ እንደሚራመዱ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። ዛሬም በፓርኪንሰን ምክንያት እግራቸው ድንገት «የሚጣበቅባቸው» ሰዎች ወለል ላይ የተለጠፈ መስመር እየተሻገሩ ወይም ምት እየቆጠሩ እንዲራመዱ ይሠለጥናሉ።

ታዲያ ይህ ምን ያሳየናል? ጡንቻው እንዳልሞተ። ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚሄደው መንገድም እንዳልተቋረጠ። የተበላሸው መነሻው ነው። ፊልሙ ይህን በአንድ ኳስ አስረድቷል፤ ጥሩ መምህር አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን ማለት ነው።

የእጅ ፍሬኑ

ፊልሙ ግን «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ሐኪሙ ታካሚዋ የኳሷን ፈቃድ እንደተዋሰች አድርጎ ያስረዳል። አባባሉ ያምራል፤ ማብራሪያ ግን አይሆንም። እስቲ እኛ እንሞክረው።

ከወንበር ልትነሱ ስትሉ የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ትዕዛዙን ያዘጋጃል። ትዕዛዙ በህብለ ሰረሰር ወርዶ፣ ከዚያ በሚወጡ ነርቮች በኩል ጡንቻ ዘንድ ይደርሳል። ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) እንቅስቃሴው ልኩን እንዲጠብቅ ያርማል። ከአንጎል ሥር በጥልቀት ደግሞ ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የነርቭ ህዋስ ስብስቦች አሉ። እነሱ በእረፍት ጊዜ ያለማቋረጥ «ቆይ! ቆይ!» የሚል የመግቻ መልዕክት ይልካሉ። አንድ እንቅስቃሴ ሲመረጥ የዚያን እንቅስቃሴ ፍሬን ብቻ ለቀቅ ያደርጋሉ፤ የሌሎቹን ይዘው ያቆያሉ። በዚህ የተነሳ ውኃ ለመጠጣት ብርጭቆ ስታነሱ እግራችሁ አብሮ አይወራጭም።

ፍሬኑ በቀላሉ እንዲለቅ የሚያግዘው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ነው። እሱን የሚያመርቱት ህዋሶች ሰብስታንሺያ ናይግራ («ጥቁሩ ክፍል» እንደማለት ነው) በሚባል ትንሽ ቦታ ይገኛሉ። በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ህዋሶች ቀስ በቀስ ያልቃሉ። የሌናርድና የሉሲ ዓይነት ታካሚዎች ጉዳትም ያረፈው በዚሁ አካባቢ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ይሠራል፣ ጎማውም ደህና ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ግን አልለቅ ብሏል። (ምሳሌ ነው እንጂ እውነተኛው ዑደት ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ ነው።)

ወደ ኳሷ እንመለስ። ከውስጣችን አስበን የምንጀምረው እንቅስቃሴ በቤዛል ጋንግሊያ ላይ በጣም ይደገፋል። ከውጭ በሚመጣ ነገር፣ ለምሳሌ በምናየው ኳስ ወይም በወለል መስመር የሚቀሰቀሰው እንቅስቃሴ ግን የማየት ክፍልንና ትንሹን አንጎል በሚያካትት ሌላ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ይኸው ነው። ኳሷ ፈቃድ አላበደረችም፤ ተለዋጭ መንገድ ከፈተች እንጂ።

ብቸኛው ጀግና

ሁለተኛው ትችታችን የፊልሙን የሳይንስ ታሪክ ይመለከታል። ዶክተር ሴየር በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ መድኃኒቱ ይሰማል፤ ከዚያ ብቻውን ይታገላል፣ ብቻውን ያሸንፋል። እውነታው ግን የቅብብሎሽ ሩጫ ይመስላል። ሌቮዶፓ ከባቄላ የተለየው በ1913 ነበር። አዎ፣ እሸቱን ከምንበላው ባቄላ! በ1957 አርቪድ ካርልሰን የተባለ ስዊድናዊ በመድኃኒት እንዳይንቀሳቀሱ የተደረጉ ጥንቸሎችን በሌቮዶፓ መልሶ አስነሳ፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኪዬቪችና ኸርበርት ኤሪንገር በፓርኪንሰን ታመው በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ እንዳነሰ አሳዩ። በ1967 ጆርጅ ኮዚያስ መድኃኒቱን መጠኑን እየጨመረ በአፍ መስጠት እንደሚሠራ አረጋገጠ። ሳክስ ሌቮዶፓን ሲይዝ ከኋላው ይህ ሁሉ ሥራ ነበር። የሰዎች መንቃት ከጥንቸሎቹ መንቃት እንደጀመረ ፊልሙ ቢነግረን ኖሮ ታሪኩ ይበልጥ ይጥም ነበር።

ሁለቱን መንቀጥቀጥ አንቀላቅል

ሌናርድ ከነቃ በኋላ ፊቱ፣ እጁ፣ ቀጥሎም መላ ሰውነቱ መወራጨት ይጀምራል። ዲኒሮ እዚህ ላይ የሚያሳየው ትወና አስደናቂ ነው፤ ሐኪሙን «ቅረጸኝ፣ ተማርበት» የሚልበት ትዕይንት ልብ ይነካል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ብዙ ተመልካች «አይ፣ በሽታው ተመለሰ» ብሎ ይወጣል። ፊልሙ ልዩነቱን በግልጽ አይናገርማ!

የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ እጅ ሲያርፍ የሚታይ፣ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ሰውየው ዕቃ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ዲስካይኔዥያ የሚባለው መወራጨት ግን ተቃራኒ ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘና ፍሬኑ ከልክ በላይ ሲለቅ የሚመጣ። አንዱ የዶፓሚን ማነስ ነው፣ ሌላው መብዛት። መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም።

ለምን ይመጣል? በሕመሙ መጀመሪያ የቀሩት ህዋሶች ዶፓሚን አጠራቅመው እንደአስፈላጊነቱ ይለቃሉ። ህዋሶቹ በጣም ሲመናመኑ ግን አንጎል በየሰዓቱ ደም ውስጥ ባለው የመድኃኒት መጠን ላይ ጥገኛ ይሆናል። ሌቮዶፓ ደግሞ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ክኒኑ ሲሞላ መወራጨት፣ ሲጎድል መገተር። የሳክስ ታካሚዎች ጉዳታቸው እጅግ ከባድ ስለነበር ይህ መዋዠቅ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ደረሰባቸው። ተራ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል።

የተቆረጠው ምዕራፍ

ዋናው ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው። ሳክስ በመጽሐፉ ታካሚዎቹ ያለፉበትን መንገድ በሦስት ይከፍለዋል፦ መንቃት፣ መከራ፣ መላመድ። ፊልሙ ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን ጣለው። ሌናርድ ነቃ፣ ተሠቃየ፣ ወደ ድንጋይነቱ ተመለሰ፤ አለቀ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጽሑፍም ያ የ1969 በጋ ከዚያ በኋላ በዚያ ልክ እንዳልተደገመ ይነግረናል።

ሐዘኑ ውሸት ነው አንልም። ከእነዚያ ታካሚዎች ብዙዎቹ በእርግጥም ወደኋላ ተመልሰዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን በመድኃኒቱ እየታገዙ፣ እየወደቁና እየተነሱ ከሁኔታው ጋር መኖር የቻሉም አሉ። ከሁሉ በላይ የፊልሙ ታካሚዎች ብርቅ የሆነ በሽታ የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። የእነሱን ዕጣ «ሌቮዶፓ ለአንድ በጋ ብቻ ይሠራል» ወደሚል ድምዳሜ መውሰድ ትልቅ ስህተት ነው። ሌቮዶፓ ዛሬም የፓርኪንሰን ዋነኛ መድኃኒት ነው። እንደ በፊቱም ብቻውን አይሰጥም፤ ገና አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክን ከሚያደርግ እንደ ካርቢዶፓ ካለ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ይህ ጥምረት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1975 ነው።

አያታቸው ሌቮዶፓ የሚወስዱ አንድ ወጣት ይህን ፊልም በስልኩ አይቶ «ለካ መድኃኒቱ ከንቱ ነው» ቢል ሊገርመን አይገባም። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው፤ ከፍተኛ ትኩሳትና የሰውነት መገተር አምጥቶ ለሞት እስከማድረስ ይሄዳል። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው፤ ባቄላም ምትክ አይሆንም።

እንግዲህ ፊልሙን እዩት? እዩት እንጂ! የኳሷን ትዕይንት ሁለት ጊዜ እዩ። ሌናርድ ፓውላ ከምትባለው ወጣት ጋር ሲደንስ መወራጨቱ ጋብ የሚልበትንም አትለፉ፤ ኳሷ ያነሳችው ጥያቄ እዚያ በሌላ መልክ ይመለሳልና። ማብቂያው ላይ ስትደርሱ ግን ያያችሁት በአንድ ብርቅ በሽታ፣ ገና በሙከራ ላይ በነበረ አሰጣጥ፣ በ1969 የሆነ ነገር መሆኑን አስታውሱ። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ካለም ንገሩት።